ተርቦው አልሞተም ነበር

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሞተር ሲጽፉ የምሕንድስና ወንድሞቻችን ፈገግ ሳይሉ እንደማይቀሩ እናውቃለን። «እናንተ ስለ ቅኔና ስለ ታሪክ ጻፉ፤ ዘይቱንና ቅባቱን ለእኛ ተዉት» የሚሉን አይጠፉም። አነጋገራቸውም እውነትነት አለው። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ስለ ሞተር የሚናገረውን ያህል ስለ ፍርድም የሚናገር ስለ ሆነ፥ ፍርድ ደግሞ የሁሉም ፋኩልቲ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን። ብዕሩን የያዘው ታናሹ ቢሆንም ጥፋቱ የሁለት ወንድማማቾች ነውና «እኛ» እያልን እንጽፋለን።

የተወለድነውና ያደግነው ሐረር ነው። ሐረርን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ከተማይቱ ሁለት ናት። አንደኛዋ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለችው አሮጌዋ ከተማ ናት። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሁለተኛዋ ከግንቡ ውጪ የተዘረጋችው አዲሲቱ ከተማ ናት። መኪና የዚህችኛዋ ከተማ ዜጋ ነው። ወደ ጀጎል ቢገባም በዋናው መንገድ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይደርሳል እንጂ፥ ከዚያ ወዲያ ያሉት አብዛኞቹ ቀጫጭን መንገዶች የተሠሩት ለእግርና ለአህያ ነው። ጭነት የያዘች አህያ ስትመጣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋታል።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ግን «መኪና ግርግር» ይባላል። እንግዳ ሰው ይህን ስም ሲሰማ የአውቶሞቢል ትርምስ ይጠብቃል። መኪናው ግን የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም ልብስ ሰፊዎች በየደጃፉ ተቀምጠው መርገጫውን ሲረግጡ የሚሰማው ድምፅ ነው። አንባቢ ይህን ስም በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

እኛ «ጋሼ» የምንላቸው አጎታችን በወጣትነታቸው ያሽከረክሩ የነበረው ፔጆ 404 ነበር። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ከፈረንሳይ የወጣ ሲሆን፥ በሐረር ታክሲ ሆኖ ብዙ ዐሥር ዓመታት አገልግሏል። በቤታችንም «ፔጆ ጥሩ» ሲባል ታክሲ ጥሩ ማለት ነበር። ኋላ ጋሼ ገንዘብ አጠራቅመው አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1990 መሠራት የጀመረው ዓይነት ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፥ 4164 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ ከነተርቦው። በዚህ መኪና ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ይመጣበታል፤ ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲመገብ ለማየት የሚሄደው ጎብኚ ይጫንበታል፤ በሰርግ ወራት ሙሽራ ይታጀብበታል። የጋሼ ቤት ቀለብ፥ የእኛም የደብተርና የመጓጓዣ ገንዘብ የሚገኘው ከዚሁ መኪና ነው። መሪውን ሰባት ዓመት የያዘው አንድ ሹፌር ነበር። ሦስት ልጆች ያሉት፥ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው።

አሁን ስለ ተርቦ ጥቂት እንበል፤ ያለዚያ ጥፋታችን አይገባም።

ናፍጣ እንዲቃጠል አየር ይፈልጋል። በባሕር ጠረፍ አየሩ ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን ይሳሳል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር፥ ሐረር ደግሞ 1900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሐረር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይሆናል። ተርቦ የሌለው ሞተር ሐረር ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ደጅ ትቶ ይገባል ማለት ነው። የጋሼ ፔጆ ዳገት ላይ ያቃስት የነበረው አርጅቶ ብቻ እንዳልነበረ የገባን አሁን ነው።

ለዚህ ችግር መላ የፈጠረው አልፍሬድ ቢዩኪ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዘገበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከሞተሩ ወጥቶ በከንቱ የሚጠፋው ትኩስ ጭስ አንድ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለ ሁለተኛ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ወደሚባል ከ4300 ሜትር በላይ ወደሆነ ተራራ ጫፍ አውጥቶ፥ በተርቦ ስሱን አየር ማሸነፍ እንደሚቻል አሳየ። ለሕዝብ የተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ተርቦ አውቶሞቢሎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እንግዲህ ተርቦ ለደጋ አገር የተፈጠረ ነገር ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ዳሩ ግን ተርቦ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ጭስ ሲበዛ አየር ይበዛል፤ አየር ሲበዛ ናፍጣ ይጨመራል፤ ናፍጣ ሲጨመር ጭሱ እንደ ገና ይበዛል። ልጓም ከሌለው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞረው ዘንግ ራሱን ያጠፋል፤ ወይም ሞተሩን ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ በጭሱ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ በር ተሠርታለታለች። በሯ ስትከፈት ትርፉ ጭስ መዘውሩን ሳይነካ ያልፋል። በሯን የሚከፍታት ራሱ ግፊቱ ነው። ከተርቦው የሚነሣ፥ እርሳስ የማያህል ቀጭን የጎማ ቱቦ ግፊቱን ወደ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ይወስዳል። በጣሳዋ ውስጥ ስስ ጎማና ስፕሪንግ አሉ። ግፊቱ ስፕሪንጉን ሲያሸንፍ ዘንጓ ትገፋና በሯ ትከፈታለች። የሐረር ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የጀጎል በሮች በጥንት ጊዜ ማታ እየተዘጉ ጧት ይከፈቱ እንደ ነበር ሲነገረው አድጓልና። በር ጠባቂው በጊዜው እንዲከፍት ግን መልእክት ሊደርሰው ይገባል። ያቺ ቀጭን ቱቦ መልእክተኛ ናት።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ ሐረር ገባን። አንድ የሰፈራችን ልጅ፥ አባቱ አዲስ መኪና የገዙለት፥ ደንገጎን ስንት ደቂቃ እንደሚወጣ እየቈጠረ ያስመርረን ነበር። ደንገጎ ማለት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲመጣ ጠመዝማዛው ዳገት የሚያልቅበት ሥፍራ ነው። እኛም በስልካችን ላይ ባየነው ምስል ተመርተን፥ ከሸዋ በር ገበያ አንዲት የናስ ቧንቧ መክፈቻ፥ አውራ ጣት የምታህል፥ ገዛን። ያቺን ቀጭን ቱቦ ቈርጠን መክፈቻዋን በመካከሉ ሰካናት። መክፈቻዋ ከግፊቱ ከፊሉን ወደ ውጪ ታፈሰዋለች፤ ጣሳዋ ግፊቱ ገና ትንሽ ነው ብላ በሯን ዘግታ ትቈያለች፤ ተርቦውም ከልኩ በላይ ይነፋል። ማለት በአጭሩ መልእክተኛዋን ውሸት አስተማርናት።

በዚያው ሳምንት ሹፌሩ ታምሞ ነበርና ጋሼ እንግዳ እንድናመጣ ወደ ድሬዳዋ ላኩን። ስንመለስ ደንገጎን የወጣንበትን ፍጥነት ዛሬም አንረሳውም። መኪናው እንደ ተነካ በቅሎ ይወነጨፍ ነበር። ያንን ልጅ አሸነፍነው። ከዚያ በኋላ መክፈቻዋን ልንነቅል አስበን ነበር፤ ነገ ነገ እያልን ሳንነቅል ቀረን። ከባትሪው አጠገብ ባለው ፕላስቲክ ክዳን ሥር ስለ ነበረች ማንም አላያትም።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሹፌሩ ለጋሼ፥ «መኪናው ጠባዩ ተለውጧል» ብሎ ነገራቸው። ጋሼ፥ «አርጅቷል፤ ዝም ብለህ ንዳ» አሉት። ከቀናት በኋላ ደግሞ ነገራቸው። በአራተኛው ሳምንት ስድስት እንግዶች ጭኖ ሲመጣ መኪናው ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ እንደ ኤሊ ተጐተተ። እንግዶቹ በሌላ መኪና ሄዱ፤ የቀን ሒሳቡም ቀረ። ጋሼ መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱት። በዚያ የነበረው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፥ ጥቂት አዳምጦ፥ «ተርቦው ሞቷል፤ ይለወጥ» አለ። የተጠየቀው ገንዘብ ጋሼ ሁለት ወር ሠርተው የማያገኙት ነበር።

ያን ማታ ጋሼ ጠርተው፥ «እናንተ ተምራችኋል፤ ተርቦ የሚገድለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ነው የምናፍረው። መልሱ በእጃችን ነበር። እኛ ግን በስልካችን ያነበብነውን መናገር ጀመርን። ከረጅም ዳገት በኋላ ሞተሩን ሳያሳርፉ ወዲያው ማጥፋት በተርቦው ውስጥ ያለውን ዘይት እንደሚያሳርረው፥ ዘይት በጊዜው ካልተለወጠ ዘንጉ እንደሚበላ፥ ይህም የአያያዝ ጕድለት እንደ ሆነ ገለጽን። የተናገርነው ሁሉ እውነት ነበር። አንድም ቃል ውሸት አልነበረበትም። ሆኖም ከእነዚያ እውነቶች የተሠራው ነገር ውሸት ሆነ። ጋሼም አያያዝ ስንል ማንን እንደ ነካን ገባቸው። ለራሳችንማ፥ «መክፈቻዋ ከገባች በኋላ መኪናው ሦስት ሳምንት በደኅና ሠርቷል፤ እንግዲህ በእርሷ አይደለም» ብለን ነበር። ሰው የፈለገውን ለማመን ምክንያት አያጣም።

በማግሥቱ ጋሼ ሹፌሩን አሰናበቱት። ሰባት ዓመት የያዘውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጋሼ፥ ነግሬዎት ነበር» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረም። እኛ በመስኮቱ አጠገብ ቆመን ነበር።

ጋሼ ግን ያን ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ከግንቡ ውጪ ወዳለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ መኪናውን ወሰዱት፤ እኛም ተከተልን። እኒህ ሰው እጃቸውን ያፍታቱት በፔጆ 404 ላይ ነው። አባታቸው ግን በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ደጃፍ ተቀምጠው፥ ክር ሲላላና ሲጠብቅ የስፌት መኪናው ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ እየሰሙ እንዳደጉ ነገሩን።

ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት፥ «የሚነዳው ማን ነው? እሱስ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ፥ «አሰናበትኩት» አሉ።

«እንግዲያው አስጠሩት። መኪና አፍ የለውም፤ የሚናገርለት እሱ ነው።»

ሹፌሩ በማግሥቱ በባጃጅ መጣ። ለጋሼ እጅ ነሣ፤ ወደ እኛ አላየም። መካኒኩ በርጩማ ሰጥተው አስቀመጡትና ሁሉንም ጠየቁት። እሱም እንዲህ አለ፦ «መጀመሪያ ላይ ጉልበት አልጐደለውም፤ እንዲያውም ከወትሮው አብልጦ ይወነጨፍ ነበር። የተርቦው ፉጨት ቀጥኖ ነበር። ቈይቶ ግን ዳገት ላይ፥ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እያለሁ ስረግጠው፥ አንድ የሚተነፍስ ነገር ይሰማኛል፤ ወዲያው ጉልበቱ ይጠፋል፤ ጥቁር ጭስም ይወጣል። ሜዳ ላይና ቆሞ ሲሠራ ምንም የለበትም።»

መካኒኩ፥ «ግማሹን ሥራ ጨረስክልኝ» አሉት። እኛ በዩኒቨርሲቲ ስለ ማስረጃ ብዙ ሰምተናል፤ ያን ያህል የተስተካከለ የምስክር ቃል ግን ሰምተን አናውቅም። ሁለት ጊዜ ሊነግራቸው ሞክሮ ጋሼ ያልሰሙት ይህን ነበር።

ቀጥሎ የሠሩት ሥራ ቅደም ተከተል አለውና እንደ ቅደም ተከተሉ እንጽፈዋለን። ገንዘብ ከማይጠይቀው ተነሥተው ወደሚጠይቀው ሄዱ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አልነኩም።

በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ከተርቦው ላይ አወለቁና መዘውሩን በጣታቸው አሽከረከሩት። በነፃነት ዞረ። ወደ ጎን ሲነቀንቁት እንደ ደንቡ በጣም ጥቂት ተነቃነቀ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉት ግን ምንም አልሄደም። ክንፎቹ ግድግዳውን የፋቁበት ምልክት የለም፤ ቱቦው ውስጥም የተጠራቀመ ዘይት የለም። «ይህ ተርቦ አልሞተም» አሉ። ጋሼ የያዙትን መቍጠሪያ ኪሳቸው ከተቱ።

ሁለተኛ፥ የአየሩን መንገድ ፈተኑ። የተርቦውን አፍ በፕላስቲክ ክዳን ደፍነው፥ ከጎሚስታ በተዋሱት መንፊያ ቀስ ብለው አየር ሞሉበት። ሳሙና በውሃ አረፋ አድርገው በየመጋጠሚያው ቀቡ። ከላይ ሲታይ ሁሉም ደኅና ነበር። ማኒኮቶ የሚሉት ወፍራሙ የጎማ ቱቦ ከታች በኩል፥ ፋሸታው ከያዘው ሥፍራ አጠገብ ግን አረፋው ይፈላ ጀመር። ጎማው ተሰንጥቋል። መካኒኩም እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ ግፊት ስለሌለ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ዳገት ላይ ግፊቱ ሲጨምር እንደ ከንፈር ይከፈታል። አየሩ ሲያፈስ ናፍጣው ሳይቃጠል ስለሚቀር ጥቁር ጭስ ይሆናል። ያኛው ጋራዥ ቆሞ እያለ አዳምጦ የፈረደው ስለዚህ ነው። ጥፋቱ የሚታየው በዳገት ብቻ ነውና።

አዲስ ማኒኮቶ ገባ። ዋጋው ተርቦ ይለወጥ ከተባለበት ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ሊያመሰግኑ ሲሉ መካኒኩ፥ «ቈዩ፤ አልጨረስኩም» አሉ። «ጎማው ተሰነጠቀ። ለምን ተሰነጠቀ? አርጅቶ ነው እንዳልል አላረጀም። ይህ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ከልክ በላይ ይወነጨፍ ነበር ብሎናል።»

እኛ በዚያን ጊዜ መናገር ነበረብን። አልተናገርንም።

መካኒኩ አንድ የግፊት መለኪያ ከአየር ማስገቢያው ጋር አገናኝተው መርፌውን በመስኮት በኩል ወደ ውስጥ አስገቡት። ሹፌሩ መሪውን ያዘ፤ ሁላችንም ገባን። ሐረማያን አልፈን ወደ ደንገጎ ሄድንና ዳገቱን ጥቂት ወርደን ተመለስን። ለዚህ ሞተር ልኩ ከ0.6 እስከ 0.7 ባር መሆኑን መካኒኩ አስቀድመው ነግረውናል። ሹፌሩ ሲረግጥ መርፌው 0.7ን አለፈ፤ 0.9ን አለፈ፤ 1.1 ላይ ሲደርስ «እግርህን አንሣ!» አሉት። በመኪናው ውስጥ ከመርፌው በቀር የሚያይ ሰው አልነበረም፤ እኛ ግን እጃችንን እናይ ነበር።

ጋራዥ ስንመለስ በትንሽ የእጅ መንፊያ ጣሳዋን ብቻዋን ፈተኗት። በ0.6 ግድም ዘንጓ ተገፋች፤ ግፊቱንም ያዘች። «በሯ ደኅና ናት፤ ጣሳዋም ደኅና ናት። እንግዲህ የቀረው መንገዱ ነው» አሉና ያቺን ቀጭን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ጣታቸው ከፕላስቲኩ ክዳን ሥር ገብቶ ቆመ። የናሷን መክፈቻ አወጧትና በመዳፋቸው ላይ አስቀመጧት።

«ይህን ፋብሪካው አልሠራውም» አሉ።

ጋሼ ሹፌሩን አዩት። ሹፌሩ መክፈቻዋን አየ፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ አየ። ያኔ ታላቃችን፥ «እኛ ነን» አለ።

ጋሼ አልጮኹም። «ስጠይቃችሁ ይህን እያወቃችሁ ነው ያን ሁሉ የተናገራችሁት?» አሉ ብቻ። «አዎን» አልን። ሌላ መልስ አልነበረንም።

ጋሼ በዚያው፥ በጋራዡ ግቢ ውስጥ፥ ሰው እያየ፥ ከእሳቸው በዕድሜ የሚያንሰውን ሹፌር ይቅርታ ጠየቁት። ሽማግሌ ሰው ለወጣት አንገቱን ሲደፋ ማየት ከባድ ነው፤ ያስደፋናቸው ደግሞ እኛ ነን። እኛም ቀጥለን ጠየቅን። ሹፌሩ፥ «ይቅር ይበለን» አለና ተቀበለን። ነገር ግን ወደ ሥራው አልተመለሰም። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ በጂጂጋ መስመር የሚሠራ መኪና ያለው ሰው ቀጥሮታል፤ «ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። ቱቦዋ በአዲስ ከተተካች በኋላ ግን አንድ ጊዜ እንደ ገና መሪውን ይዞ እስከ ደንገጎ ወሰደን። መርፌው 0.65 ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። ሹፌሩም ቁልፉን ለሁለተኛ ጊዜ ለጋሼ አስረክቦ በእግሩ ሄደ።

ቤተ ሰባቸው ባለ ተርቦ መኪና ያለው ጓደኞቻችን ብዙ ናቸውና ያገኘነውን ትምህርት እናካፍል። መኪናው ጉልበት ቢያጣ «ተርቦው ሞቷል» የሚለውን ቃል ለመቀበል አትቸኵሉ። አስቀድማችሁ የሚነዳውን ሰው ጠይቁ፤ መቼ፥ በስንተኛ ማርሽ፥ በዳገት ወይስ በሜዳ፥ ጭሱስ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይናገር። ከዚያ ዘንጉ በጣት ይፈተሽ፤ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይታዩ፤ ጣሳዋ በእጅ መንፊያ ትሞከር፤ ግፊቱም ዳገት ላይ በመለኪያ ይነበብ። ግፊቱ ከልክ በታች ከሆነ አየር የሚያፈስበትን ሥፍራ ወይም ተከፍታ የቀረችውን በር ፈልጉ። ከልክ በላይ ከሆነ ደግሞ መልእክት የሚወስደውን ቀጭን ቱቦ ተከተሉ። የተሰበረውን ከለወጣችሁ በኋላም «ለምን ተሰበረ?» ሳትሉ ኮፈኑን አትዝጉ። መካኒኩ ማኒኮቶውን ለውጠው ቢያቆሙ ኖሮ አዲሱም ከወር በኋላ በተሰነጠቀ ነበር፤ ያኔም ሌላ ሹፌር በተሰናበተ ነበር።

ደግሞ በደጋ አገር የተርቦን ግፊት ለመጨመር የምትመኙ ብትኖሩ፥ በሐረር ስስ አየር ውስጥ ተርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አብልጦ መሽከርከር እንዳለበት አስቡ። ልኩን ያኖሩት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው።

ስለ ፍርድ ግን የምንለው ጥቂት ነው። እኛ ተማሪዎች አንድ ነገር ሲጠፋ ወደ መጽሐፍ እንሮጣለን፤ መሮጣችንም መልካም ነው። የዚያን ማታ ግን ያነበብነውን መሸሸጊያ አደረግነው። ሹፌሩ ያልተማረ ስለ ነበረ ቃሉ አልተሰማም፤ እኛ የተማርን ስለ ነበርን ቃላችን ተሰማ። መኪናው ውስጥ መልእክተኛዋን ውሸት አስተማርናት፤ ቤት ውስጥም ራሳችን ውሸተኛ መልእክተኞች ሆንን። የመኪናው በአንድ ቀን ተጠግኗል።

የማኒኮቶውን ዋጋና የመካኒኩን ድካም ከኪሳችን ከፈልን። የናሷ መክፈቻ አሁን በመኝታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደ ሆነች ይጠይቀናል፤ እኛም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንነግረዋለን። በዚህ ሴሚስተር ዕረፍት ደግሞ በጂጂጋ መስመር ተሳፍረን ሰውየውን ልንጠይቀው አስበናል።